ሁለተኛ አትነከርም

እኔ ቡዜ ወዬሳ በተወለድኩ በሦስተኛው ቀን፣ ለባቡር በተቀዳ ውሃ፣ ቄስ ባልሆነች ሴት እጅ ተጠምቄአለሁ። ይህን ስናገር ፊቱን የሚያኮማትር ሰው እስከ ዛሬ አላጣሁም። በሌላ በሌላው ነገር ሁሉ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ የሃይማኖት ሰዎች እንኳ እኔን ውሃ ውስጥ መንከር ላይ ሲደርሱ ይስማማሉ። አንዱ ሕፃን ነበርሽና አላወቅሽም ይለኛል፤ ሌላው ውሃው አልተባረከም ይላል፤ ሌላው ደግሞ ያጠመቀችሽ ማን ሆና ነው ይላል። ለሦስቱም መልሴ አንድ ነው፤ አልነከርም። እምቢታውን የተማርኩት ካጠመቀችኝ ሴት ነውና የሷን ታሪክ ልናገር። ከእናቴና ከራሷ አፍ የሰማሁት ነው።

ሆራ ትባላለች። የወለጋ ልጅ ነች። በሰባት ዓመቷ ገደማ ከወላጆቿ ተነጥቃ ተሸጠች፤ አሥራ ሁለት ሳይሞላት ሦስት ጌታ ለውጣለች። ሦስተኛው ጌታዋ ሀብታም ባላባት ነበር። አንድ ቀን ቤተሰቤ በሙሉ ክርስቲያን ይሁን አለና ባሪያዎቹን ሁሉ ወደ ወንዝ አስነዳቸው። ወንዶቹ በአንድ ሰልፍ፣ ሴቶቹ በሌላ ሰልፍ ቆሙ። ቄሱ ሰው ስለበዛባቸው ለሴቶቹ ሰልፍ በሙሉ አንድ ስም ሰጡ። በአንድ ጠዋት ሠላሳ ምናምን ወለተ ጊዮርጊስ ከወንዝ ወጣች ማለት ነው። ዛሬ ይህን ስንሰማ እንስቃለን፤ ሆራ ግን ያን ቀን አልሳቀችም። ውሃው ሲነካት አለቀሰች፤ ግንባሯን ቅባት ሲቀቧት ደግሞ ጮኸች። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ታጥባ የተቀባችው ለገበያ ስትቀርብ ነበር። ባሪያ ከመሸጡ በፊት ይታጠባል፤ ገላው እንዲያበራም ቅቤ ይቀባል። እንደገና ልትሸጥ መሰላት። ማታ ወደዚያው ቤት ስትመለስ ነገሩ ግራ ገባት፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ገዢው እስኪመጣ በር በሩን ስታይ ቆየች።

ገዢ አልመጣም። ከዓመታት በኋላ ጌታዋ ሲሞት ሚስቱ ለነፍሱ ብላ አምስት ባሪያ ነፃ ለቀቀች፤ አንዷ ሆራ ነበረች። ነፃ መውጣት ጥሩ ነው፤ ግን ወዴት ይወጣል? ነቀምቴ የሉተርን ትምህርት የሚከተሉ የወንጌል ሰዎች ቤት እንዳላቸው፣ እንደሷ ያሉትንም እንደሚቀበሉ ሰማች፤ ሄደችም። በገዛ ቋንቋዋ በኦሮምኛ ማንበብ ተማረች። ከአንዲት የውጭ አገር ነርስ ጋር ቤት ለቤት እየዞረች ማዋለድ ተማረች። ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት ወደ አስተማሪው ወደ መርዳሳ ቀርባ አጥምቁኝ አለች። መርዳሳ እሱም ባሪያ የነበረ፣ ቀልድ የማያውቅ ሰው ነው ይባላል። ከዚህ በፊት ተጠምቀሽ ታውቂያለሽ ወይ ሲል ጠየቃት። የወንዙን ነገር ነገረችው፤ ያ ጥምቀት እንዳልነበረና ለሷ የገበያ እጥበት እንደነበር ጨምራ ነገረችው።

«የአብ፣ የወልድ፣ የመንፈስ ቅዱስ ስም ተጠርቶ ነበር?» አላት።

«ተጠርቷል።»

«ውሃስ?»

«ነበር። ይቀዘቅዝ ነበር።»

«እንግዲያው ተጠምቀሻል። ሁለተኛ የለም።»

«እኔኮ የሚሆነውን አላወቅሁም።»

«አንቺ አላወቅሽም፤ እሱ ግን ያውቅሽ ነበር» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሆራ ተናደደች። እንዲህ ያለ ትምህርት ምን ይረባል ብላ አንድ ወር ሙሉ አኮረፈች። ሌሎቹ አዲስ ገቢዎች በምርጫቸው፣ በደስታቸው፣ ነጭ ለብሰው ሲጠመቁ እሷ ከኋላ ቆማ ታያለች። የሷ ጥምቀት ለቅሶና ፍርሃት፣ የሠላሳ ሰው ስም ነው። አንድ ማታ በጸሎት ሰዓት ጉባኤው ስለ ጥምቀት የሚዘመረውን መዝሙር አነሳ። ቃሉ በኦሮምኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይመጣል፦

ሳላውቅህ ያወቅኸኝ፣ ሳልጠራህ የጠራኸኝ፣
እያለቀስኩ ስመጣ ከውሃው ዳር የቆየኸኝ፣
እኔ ብረሳው እንኳ አንተ ያልረሳኸውን
ማን ያነሳዋል ከራሴ ያፈሰስኸውን?

«እያለቀስኩ ስመጣ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ሆራ ተነስታ ወጣች። ውጭ ቆማ ብዙ አለቀሰች። ሻጮቿ ሁለት ጊዜ ሲያጥቧት ለዋጋዋ ነበር፤ በሦስተኛው ግን እሷ ለገበያ ነው ብላ ስትጮህ እግዚአብሔር ልጄ ነሽ ይላት ነበር። ጌታዋ ለምን እንዳስነዳት፣ ቄሱ ሰልፉን ለመጨረስ ምን ያህል እንደቸኮሉ፣ እሷም ምን እንደመሰላት፣ ይህ ሁሉ የሱን ሥራ አላበላሸበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ሰው ስላለፈ ኑሮዋ ሲያንቋሽሻት «እኔ የተጠመቅሁ ነኝ» ትላለች እንጂ ሌላ መልስ አትሰጥም ነበር። በየማለዳው ፊቷን ስትታጠብም ይህንኑ ለራሷ ትናገር ነበር።

አዳማ የመጣችው ባቡር መሥራት ከጀመረ በኋላ ነው። ባሏ ጆቴ የሐዲድ ሠራተኛ ነበር፤ አዋሽ አካባቢ ወባ ገደለው። ሆራ ልጅ አልወለደችም፣ የምትመለስበት ዘመድ የላትም፤ አዳማ ቀረች። ያኔ አዳማ ማለት ጣቢያው፣ ጥቂት የዓረብና የግሪክ ሱቅ፣ ብዙ አቧራና የተበታተነ ጎጆ ነበር። ከአዳማው ደብር መሬት ላይ ቁራሽ ቦታ ተመርታ ጎጆ ቀለሰች፤ ማዋለድም ሥራዋ ሆነ። ለክርስቲያኑም ለእስላሙም ታዋልዳለች። ምጥ ሲበረታ ያቺን መዝሙር ታንጎራጉራለች። ፋዲላ የምትባል የወሎ ነጋዴ ሚስት በሦስቱም ወሊዷ ቃሉን ተይውና ዜማውን በይልኝ ትላት እንደነበር ሆራ እየሳቀች ነግራኛለች። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ ከቅዳሴ መልስ የኦሮምኛ መጽሐፏን ታነባለች። ሰው የሚሲዮኗ ይላታል፤ በኋላዋ ደግሞ ጸረ ማርያም ይላታል። ሚስቱ ያማጠችበት ሰው ግን ስሟን አስተካክሎ ይጠራል።

እኔ የተወለድኩት በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ አንድ ጥር ላይ ነው። አባቴ ወዬሳ ጣቢያው ላይ ባቡሩ ውሃ የሚሞላበትን ታንከር ጠባቂ ነበር። ውሃ በከተማው ብርቅ ነበርና በጋዝ ቆርቆሮ እየቀዳ ወደ ቤት ያመጣ ነበር። ያለ ጊዜዬ መጣሁ፤ በሦስተኛው ቀን ጡት ተውኩ፣ ከንፈሬ ጠቆረ፣ ገላዬ ቀዘቀዘ። ቀትር ነበር። አባቴ ወደ ደብሩ ሮጠ፤ ቄሱ መምሬ ንዋይ ግን ለቀብር ገጠር ወርደው አልነበሩም። ሆራ እናቴን ሽታዬን ላጥምቃት ወይ ስትል ጠየቀቻት። እናቴ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች፤ «ቡዜ በያት፣ የእናቴ ስም ነው» አለቻት። ሆራ ከቆርቆሮው በጣሳ ቀዳች፤ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም እያለች ሦስት ጊዜ ራሴ ላይ አፈሰሰች። ከዚያም ጠራርጋ ከእናቴ ደረት ጋር በነጠላ አሰረችኝ። ማታ ጡት ያዝኩ። ተአምር ነው አልልም፤ ሆራም አላለችም። እሷ የምትለው ብሞትም ብኖርም ያው የተጠመቅሁ ነኝ ነው።

ጣጣው የመጣው በመኖሬ ነው።

በአገሩ ሥርዓት ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። የአባቴ እናት እትዬ ዘርፉ ለዚህ ብለው ከገጠር መጡ፤ ጠላ ጠነሰሱ፣ ማተቡን አዘጋጁ። ሆራ ልትጠይቀን ስትመጣ ድግሱን አይታ ለምን እንደሆነ ጠየቀች፤ ሲነገራት ልጅቱ ተጠምቃለች አለች። አያቴ መጀመሪያ ሳቁ። እንዴት እንደሆነ ሲሰሙ ግን ሳቃቸው ቆመ። በባቡር ውሃ የምን ጥምቀት ነው፣ የልጄን ልጅ እንደ ፉርጎ አጠብሻት እንጂ አሉ። ሆራ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ውሃው ብቻውን የፈለገውን ይሁን፣ የእግዚአብሔር ስምና ቃል ከገባበት ግን ጥምቀት ነው ብላ መለሰች። ወሬው በሁለት ቀን የደብሩ አለቃ ጆሮ ደረሰ። አለቃው በአያቴ በኩል ቃል ላኩ፤ በደብሩ መሬት ላይ ተቀምጣ የራሷን ደብር ልታቆም ነው ወይ፣ አርፋ ትቀመጥ፣ አለዚያ ጎጆዋን ትንቀል።

እናቴ መሃል ገባች። ሆራን ትወዳታለች፤ አማቷን ደግሞ ትፈራለች። አስባ አስባ ለሁሉም ይበጃል ያለችውን አመጣች፤ ሆራ ራሷ ክርስትና እናቴ ትሁን። ቤተ ክርስቲያን ይዛኝ ትቁም፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይናገራትም፤ እኔም የሷ ልጅ እሆናለሁ። አያቴ እያጉረመረሙ ተስማሙ፤ አለቃውም ዝም አሉ።

ሆራ እዚህ ላይ ተፈተነች። እውነቱን ነግራኛለች፤ ፈልጋ ነበር። አርባ ዓመት አልፏታል፣ በአዳማ ስንት ልጅ ተቀብላ አንድም እናቴ የሚላት የላትም። ቤቷም ከመፍረስ ይድናል። አድርጊ የተባለችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጅቱ ገና አልተጠመቀችም የሚል ሰው ሆና መቆም።

ግን ከደብሩ አጥር ውጭ፣ ከግራሮቹ ሥር፣ ሰባት ሕፃናት ነበሩ። ሰባቱም አርባና ሰማንያቸው ሳይደርስ በሆራ እጅ የሞቱ ናቸው። ቄስ ባልደረሰበት ሰዓት በእናቶቻቸው ፈቃድ አጥምቃቸው ነበር። ደብሩ ግን ያልተጠመቁ ናቸው ብሎ ፍትሐት ሳይደረግላቸው ከአጥር ውጭ አስቀበራቸው፤ እናቶቻቸውም አታልቅሱ ተባሉ። ከሰባቱ አንዱ የኔ ታላቅ ወንድም ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ተወልዶ ዘጠኝ ቀን ኖሯል። አያቴ ያኔ ገጠር ነበሩ። እናቴ የሚሲዮን ሰው አጠመቀው መባሉን ፈርታ ሕፃኑ ስም ሳይወጣለት ሞተ ብላ ነግራቸዋለች።

ሆራ ለእናቴ እንዲህ አለቻት፤ «ቡዜ አልተጠመቀችም ካልኩ ሰባቱም አልተጠመቁም አልኩ ማለት ነው። ያንቺም ልጅ። እኔም አልተጠመቅሁም፣ የታጠብኩት ለገበያ ነው።»

እናቴ አለቀሰች፤ ሆራ እሑድ ትመጣ እንደሆን ብቻ ጠየቀቻት። ሆራ እመጣለሁ አለች። እናቴ እሺ ያለች መሰላት። ሆራ ግን ያለችው እመጣለሁ ብቻ ነው።

እሑድ ማለዳ፣ ቅዳሴ ሳይገባ፣ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ መጣች። አቀፈችኝ። መምሬ ንዋይ ወደ ምዕራብ አዙረው ሰይጣንን ካጂ አሏት፤ ግቢው እስኪሰማ ካደች። ወደ ምሥራቅ አዙረው የሃይማኖቱን ቃል እየመሩ አስባሏት፤ በአንድ አምላክ አምናለሁ አለች፣ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን አምናለሁ አለች፣ በአንዲት ጥምቀት አምናለሁ አለች። መምሬ ንዋይ ውሃው ተዘጋጅቷልና ልጅቱን አምጪ ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ሆራ አልሰጠችም።

«አባቴ፣ በአንዲት ጥምቀት አምናለሁ በዪ አሉኝ፤ አልኩ። አሁን እንዴት ብዬ ለሁለተኛዋ ልስጥዎ?»

አያቴ ይህች ሴት ልታዋርደን ነው የመጣችው ብለው ሊነጥቁኝ ተጠጉ፤ አባቴ እጃቸውን ያዘ። አባቴ እናቱን እምቢ ያለው በዕድሜው ያን ጊዜ ብቻ ነው ይባላል። መምሬ ንዋይ ሽማግሌ ነበሩ፤ ቁጣ አልሞከሩም። ማን እንዳጠመቀኝ፣ በማን ስም፣ ስንት ጊዜ እንደሆነ ጠየቁ፤ ሆራ አንድ በአንድ መለሰች።

«አንቺ ማን ነሽና ታጠምቂያለሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«ማንም አይደለሁም፣ አባቴ። ተገዝቼ የተሸጥኩ ሴት ነኝ። የኔ ሥራ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ራሴ አምጥቼ አስነክራት ነበር። የሱ ሥራ ስለሆነ ነው እምቢ ያልኩት።»

መምሬ ንዋይ ከደጀ ሰላሙ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሃምሳ ዓመት በየዕለቱ የደገሙትን ቃል በዚያ ሰዓት ገና የሰሙት ይመስል ነበር አለች እናቴ። ከዚያ ተነስተው አልነክራትም፣ ቅባቱን እቀባታለሁ፣ ቁርባኑንም እሰጣታለሁ፣ ለአለቃ እኔ እመልሳለሁ አሉ። እንዳሉትም አደረጉ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ አመስግኖ ቤቱ ይገባ ነበር። ሆራ ግን፣ «ከአጥሩ ውጭ ያሉት ሰባቱስ?» አለች።

መምሬ ንዋይ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለአንዷ ነው ጉልበት ያለኝ፣ ልጄ» አሉ።

ክፉውን እዚሁ ልናገርና ይውጣልኝ። መምሬ ንዋይ ለአለቃው የሰጡት መልስ አልበቃም፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ ሌላ ደብር ተዛወሩ። የሆራን ጎጆ ሰኔ ላይ ዝናብ ሲጀምር አፈረሱት። ምሰሶዋን ተሸክማ ከሐዲዱ ማዶ ወሰደችና እንደገና ቀለሰች፤ አባቴ ሣር ከደነላት። ከሐዲዱ ማዶም ሴቶች ይጠሯት ነበር፤ እዚያም ሳለች ሊሞቱ ሲሉ ያጠመቀቻቸው ሕፃናት አሉ፤ ማንም እንድትተው ሊያደርጋት አልቻለም። ይህ ሁሉ እንደሚመጣባት ያን እሑድ ታውቅ ነበር ወይ ብዬ ጠይቄአት አውቃለሁ። ቤቱማ ጭቃ ነው አለችኝ።

ያን እሑድ፣ መምሬ ንዋይ ጉልበት የለኝም ሲሉ፣ ሆራ እኔን እንዳቀፈች በበሩ ወጥታ ወደ ግራሮቹ ሄደች። እናቴ ተከተለቻት። ቀጥሎ አንዲት ሴት፣ ቀጥሎ ሌላዋ ወጡ። ወንዶቹ አጥሩ ጋ ቆመው ያያሉ፤ መምሬ ንዋይ በሩ ላይ ቆመዋል፤ አያቴ ይህን ጉድ ልይ ብለው ከሁሉም ኋላ መጡ። መቃብሮቹ ላይ ምልክት የለም። ሆራ ግን የእያንዳንዱን ቦታ ታውቅ ነበር። አንዱ ጋ ትቆማለች፣ ስሙን ትጠራለች፣ «የተጠመቀ ነው» ትላለች፣ ከመዝሙሯ አንድ ስንኝ ትላለች፣ ታልፋለች። ስሙ የተጠራለት ሕፃን እናት ስታለቅስ ይሰማል። ለዓመታት የታሰረ ለቅሶ ነበርና ይበረታ ነበር፤ ማንም አታልቅሺ አላላትም።

ስድስት ጠራች። ሰባተኛው ጋ ስትደርስ ስሙን አልጠራችም። እናቴን አየቻት፤ አያቴም አጠገባቸው ቆመው ነበርና ምስጢሩ የሷ አልነበረም።

እናቴ «ሁንዴ» አለች።

ሁንዴ የአያቴ የሟቹ ባላቸው ስም ነው። አያቴ ማን እንዳለች ጠየቋት። እናቴ አልደበቀችም፤ የልጄ ስም ነው፣ ስም አልወጣለትም ያልኩዎት ፈርቼ ነው፣ በአባቱ አባት ስም ነው የተጠመቀው፣ ያጠመቀችውም ሆራ ናት አለች። ሰው ሁሉ አያቴ እስኪጮሁ ጠበቀ። እሳቸው ግን መሬቱን ብዙ አዩት፤ የተቆፈረ እንኳ አይመስልም ነበር። ከዚያ ነጠላቸውን አውልቀው እንደ ለቅሶ ቀን አዘቅዝቀው ለበሱ፤ ወደ ሆራም ዞሩ።

«ምን ቆመሽ ታይኛለሽ?» አሏት። «የተጠመቀ ልጅ ነው። ዘምሪለት።»